በስፌት መኪና ፊት የተቀመጡት እናት፦ የቺካና ሥዕል የማንን ክብር ይሞግታል?

በ1978 ዮላንዳ ሎፔዝ የተባለች የሳንዲያጎ (ካሊፎርኒያ) ሠዓሊ እናቷን ሣለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ከፋብሪካ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። የሚሰፉት ግን የደንበኛ ልብስ አይደለም። ወርቃማ ኮከቦች የተነሰነሱበት፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ካባ ነው። ከኋላቸው የወርቅ ጨረር ይፈነጥቃል። ከሜክሲኮ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ካባውንና ጨረሩን ሲያይ የማን እንደሆኑ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የጉዋዳሉፔ እመቤት መለያዎች ናቸው።

በሜክሲኮ ትውፊት መሠረት ድንግል ማርያም በ1531 ከሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቴፔያክ ኮረብታ ላይ ሁዋን ዲዬጎ ለተባለ የአገሬው ተወላጅ ተገለጠችለት፤ መልኳም በመጎናጸፊያው ላይ ታትሞ ቀረ። በሥዕሉ ላይ የምትታየው ጠይም ናት። የአገሬው ሕዝብ የራሱ እናት አድርጎ የተቀበላትም በዚሁ መልኳ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባችበት ቤት የለም። በዳቦ ቤቱ፣ በታክሲው መስተዋት፣ በወጣቶች ክንድ ላይ በንቅሳት ሳይቀር ትገኛለች። በ1966 የካሊፎርኒያ እርሻ ሠራተኞች ከዴላኖ ተነሥተው እስከ ግዛቲቱ ዋና ከተማ እስከ ሳክራሜንቶ በእግር ሲጓዙ ከፊት የቀደመው የእርሷ ሰንደቅ ነበር።

ሎፔዝ በዚያ የክብር ቦታ ያስቀመጠችው እናቷን ብቻ አልነበረም። አያቷም አሉ፤ ካባው በተነጠፈበት መቀመጫ ላይ ሆነው፣ በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው የገፈፉትን የእባብ ቆዳ ይዘው ይታያሉ። ሦስተኛዋ ራሷ ሠዓሊዋ ናት። የስፖርት ጫማ አጥልቃ፣ ካባውን ከኋላዋ እያውለበለበች፣ እባቡን በእጇ ጨብጣ፣ ከሥዕሉ ወጥታ ወደ ተመልካቹ የምትሮጥ ትመስላለች።

የቺካና ሥዕልን፣ ማለትም ዝርያቸው ከሜክሲኮ የሆነ አሜሪካውያን ሴቶችን ሥዕል፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ በእነዚህ ሦስት ሥዕሎች ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ ሠርታ የምታድር ሴት በክብር ቦታ መቀመጥ ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚል ነው። እነዚህ ሥራዎች ይነሡ፣ ይሸፈኑ፣ ይታረሙ ያሉት ወገኖች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች አሉ፣ የገዛ ወንድሞቻቸውም አሉ። የሚያመሳስላቸው ያስቆጣቸው ነገር ነው።

ቺካና የምንላቸው አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ፣ የዘር ሐረጋቸው ከሜክሲኮ የሚመዘዝ ሴቶች ናቸው፤ ወንዱም ሆነ መላው ማኅበረሰቡ ቺካኖ ይባላል። ስያሜው ግን የትውልድ ብቻ አይደለም፤ በ1960ዎቹ የተቀጣጠለውን የመብት ትግል ተከትለው ብዙዎች በፈቃዳቸው የያዙት የፖለቲካ መታወቂያ ነው። ታሪኩ ከዚያም ይርቃል። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ በ1848 የጉዋዳሉፔ ኢዳልጎን ውል ስትፈርም የዛሬዎቹን ካሊፎርኒያን፣ ኔቫዳንና ዩታን፣ የአሪዞናንና የኒው ሜክሲኮን አብዛኛውን ክፍል እንዲሁም ሌሎች ግዛቶችን ለዩናይትድ ስቴትስ አስረክባ 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለች። በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩ፣ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመቱ ሜክሲኳውያን ከቀያቸው ሳይነቃነቁ በሌላ አገር ሕግ ሥር ወደቁ። ልጆቻቸው «ድንበሩን እኛ አልተሻገርንም፤ ድንበሩ ነው እኛን የተሻገረን» የሚሉት ስለዚህ ነው። በኋላ ለእርሻና ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጡትም ሲጨመሩ ጠረፉን ተከትሎ ብዙ ሕዝብ ሰፈረ። ልጆቹ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ሲናገሩ የሚቀጡ፣ የታሪክ መጽሐፍ ሲገልጡ ራሳቸውን የማያገኙ ነበሩ።

ግድግዳ መሣል የትግሉ አካል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ያላተመውን ታሪክ የሰፈሩ ግድግዳ ይናገር ነበር። በሳንዲያጎ ባሪዮ ሎጋን በተባለው ሰፈር፣ መንግሥት ፈጣን መንገድና ድልድይ ሠርቶ ሰፈሩን ከከፋፈለው በኋላ፣ ነዋሪዎቹ በሚያዝያ 1970 በድልድዩ ሥር ያለውን መሬት ያዙ። ለፖሊስ ጣቢያ የታሰበው ቦታ የቺካኖ ፓርክ ሆነ፤ የኮንክሪት ምሰሶዎቹም በሥዕል ተሸፈኑ።

ሴቶቹ ግን በትግሉ ውስጥ ሌላ ትግል ጠበቃቸው። በሰልፉ ላይ አሉ፣ በወይን እርሻው አድማ ላይ አሉ። ዶሎሬስ ዌርታ ከእርሻ ሠራተኞቹ ማኅበር መሥራቾችና ዋና ተደራዳሪዎች አንዷ ነበረች። በስብሰባው ማግስት ግን ብዙዎቹ የሚመደቡት ለምግብ ዝግጅትና ለጽሕፈት ሥራ ነበር። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን አባባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በ1972 የሆነ አንድ ነገር ይህንን በደንብ ያሳያል። አስኮ የተባለው የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ወጣት ሠዓልያን ቡድን አባል ወደ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሄዶ የቺካኖ ሥራዎች ለምን እንደማይታዩ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ቺካኖዎች እውነተኛ ጥበብ አይሠሩም የሚል ነበር። በሌሊት ሦስቱ ወንዶች ስማቸውን በሙዚየሙ መግቢያ ግድግዳ ላይ በሚረጭ ቀለም ጻፉ፤ ሙዚየሙን በሙሉ የራሳቸው ሥራ አድርገው ፈረሙበት ማለት ነው። ጠዋት ቀለሙ ሳይጠፋ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ከስሞቹ በላይ፣ በአጥሩ ላይ ተደግፋ የምትታየው አራተኛዋ የቡድኑ አባል ፓትሲ ቫልዴዝ ናት። ፎቶግራፉ ዛሬ በአሜሪካ የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ከፊርማዎቹ መካከል ግን የእርሷ ስም የለም። ሙዚየሙ በሎስ አንጀለስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ቦታ አይደለም፤ ከዚያ በፌርፋክስ ጎዳና ጥቂት ወደ ደቡብ የወረደ ሰው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይገባል።

በሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር ፓትሪሺያ ሮድሪጌዝ፣ ግራሲዬላ ካሪዮ፣ ኮንሱዌሎ ሜንዴዝና አይሪን ፔሬዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሙሄሬስ ሙራሊስታስ (የግድግዳ ሥዕል ሴቶች) በሚል ስም ተሰባስበው በራሳቸው መወጣጫ ላይ ወጡ። በ1974 የሣሉት «ላቲኖአሜሪካ» የተሰኘ ትልቅ ሥራቸው በቆሎ፣ ሴቶች፣ ቤተሰብ ይታይበት ነበር። ከትግል ጓዶቻቸው የተሰነዘረባቸው ትችት ሥዕሉ በቂ ፖለቲካ የለውም የሚል ነበር፤ ጠመንጃውስ፣ ደሙስ፣ የተነሣው ቡጢስ የት አለ ተባሉ። ይህ ትችት ስህተት ነበር ብዬ እሟገታለሁ። ከእርሻ እስከ ገበያ ያለውን ሕይወት የተሸከመችው ሴት በአደባባይ በዚያ መጠን ተሥላ በማታውቅበት ከተማ፣ እርሷን ትልቅ ግድግዳ ላይ ማውጣት ከማንኛውም ቡጢ ያላነሰ ፖለቲካ ነው።

ጁዲ ባካ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ሌላ ደረጃ አሸጋገረችው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የሚያልፈውን የቱሁንጋን ወንዝ በኮንክሪት ቦይ ካስገቡት በኋላ አካባቢውን ለማስዋብ አነጋገሯት። እርሷ የታያት የሎስ አንጀለስን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚተርክ ግድግዳ ነበር። ከ1976 እስከ 1984 ባሉት ዓመታት ውስጥ በተለያዩ በጋዎች ከ400 በላይ ወጣቶችን አሰልፋ 840 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን «የሎስ አንጀለስ ታላቁን ግድግዳ» ሣለች። ብዙዎቹ ወጣቶች ከሕግ ጋር የተጋጩ፣ በሰፈር ጠብ ምክንያት በሌላ ጊዜ ቢገናኙ የሚደባደቡ ነበሩ። ቦዩ በዝናብ ወራት በጎርፍ ስለሚሞላ የሚሠሩት በደረቁ ወቅት፣ ጠራራ ፀሐይ በሚያቃጥለው ኮንክሪት ላይ ነበር።

ከግድግዳው አንድ ክፍል ብቻ ላንሣ። በ1950ዎቹ የፈጣን መንገድ ግንባታ የሜክሲኳውያኑን ሰፈሮች እየሰነጠቀ ሲያልፍ የሚያሳየው ነው። መንገዶቹ እንደ ዘንዶ ተጠማዝዘው አንዱን ቤተሰብ ጠምጥመውታል፤ የቤተሰቡ አባላት በተለያየ ወገን ተነጣጥለዋል። ከላይ የዶጀርስ ቤዝቦል ስታዲየም ከሌላ ዓለም እንደመጣ በራሪ አካል በቻቬዝ ራቪን ሰፈር ላይ ያርፋል። በቻቬዝ ራቪን የነበሩት ነዋሪዎች የተነሡት ለድሆች የጋራ መኖሪያ ይሠራበታል በሚል ነበር፤ መኖሪያው ቀርቶ ስታዲየም ተሠራ። ይህን በሰነድ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል። ባካ ግን የቀለሟን ጉልበት አምና፣ ጉዳዩን ያልሰማ መንገደኛ በአንድ አፍታ እንዲረዳው አድርጋዋለች። በሌሎቹ ክፍሎችም በ1930ዎቹ በባቡር ተጭነው ወደ ሜክሲኮ የተባረሩት ዜጎችና ነዋሪዎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማጎሪያ የተወሰዱት የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን አሉ። ግድግዳው የሜክሲኳውያን ብቻ አለመሆኑ በእኔ ግምት ትልቁ ጥንካሬው ነው።

ኤስተር ኤርናንዴዝ የመረጠችው ከዚህ ተቃራኒ የሆነ፣ በእጅ የሚያዝ የህትመት ሥራ ነው። ያደገችው በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ፣ ዳይኑባ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ነው። የሰፈሯ የመጠጥ ውኃ በእርሻ ኬሚካል መበከሉን ከሰማች በኋላ በ1982 «ሰን ማድ» የተሰኘውን ሥራ አተመች። በመላው ዓለም የሚታወቀውን የ«ሰን ሜይድ» ዘቢብ ቀይ ካርቶን ማሸጊያ ታስታውሳላችሁ፤ ኮፍያ ያሰረች ቆንጆ ልጅ ወይን የሞላ ትሪ ታቅፋ ፈገግ ትላለች። በኤርናንዴዝ ህትመት ላይ ኮፍያው አለ፣ ትሪው አለ፣ ቀዩ ቀለም አለ፤ ልጅቷ ግን አጽም ናት። ከሥሯ ወይኑ የበቀለባቸው የፀረ ተባይና የፀረ አረም ዓይነቶች ተዘርዝረዋል። አጽሙ ለማስፈራራት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በሜክሲኮ የሙታን ቀን በዓል ላይ ከሚታየው የአጽም ሥዕል ባህል የተቀዳ ነው። ከአያቶች የተወረሰ የበዓል ምስል የንግድ ማስታወቂያን ውሸት ለማጋለጥ ሲውል እንዴት ያለ ኃይል እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ወደ ማጀቱ ይመልሰናል። አማሊያ ሜሳ ቤንስ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ቤቶች ውስጥ ሴቶች የሚያዘጋጁትንና የሚንከባከቡትን የጸሎትና የመታሰቢያ ጠረጴዛ ወደ ሙዚየም አስገባችው። በ1984 ለሜክሲኳዊቷ የፊልም ተዋናይ ለዶሎሬስ ዴል ሪዮ የሠራችው መታሰቢያ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ፎቶግራፍ፣ መስተዋት፣ ዳንቴል፣ የደረቀ አበባ፣ የሽቶ ብልቃጥ ተደርድሮበታል። ተመራማሪው ቶማስ ኢባራ ፍራውስቶ የድሃውን ሕዝብ ካለው ጥቂት ነገር ውበት የማውጣት ብልሃት ራስኳቺስሞ ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ሜሳ ቤንስ የሴቶቹን ለይታ ዶሜስቲካና አለችው። ክርክሯ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ለሴቲቱ የፈጠራ ቦታዋም እስር ቤቷም ነበር፣ ሥራዋ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳየት አለበት። ማጀትን የሚያወድስ ብቻ ወይም የሚረግም ብቻ ሥዕል ብዙ አይቻለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው።

ኮንሱዌሎ ሂሜኔዝ አንደርውድም ከዚሁ መንፈስ ናት። በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር በእርሻ ላይ የሠራች፣ በ2024 ያረፈች ሸማኔ ነበረች። በ1994 በሠራችው የአልጋ ልብስ መሰል ሥራ ላይ አበባና የሽቦ አጥር አብረው ተጠልፈዋል። ቀረብ ብሎ ላየው በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡ አባት፣ እናትና ልጅ ይታያል። ምስሉ በሳንዲያጎ አካባቢ በፈጣን መንገድ ዳር ተተክሎ ከነበረው፣ አሽከርካሪዎች ድንበር አቋርጠው መንገዱን የሚያቋርጡ ስደተኞችን እንዳይገጩ ከሚያስጠነቅቀው ቢጫ ምልክት የተወሰደ ነው። ከሩቅ አይታዩም። ስደተኛው በሕዝብ መካከል የማይታይበትን ሁኔታ በክር ቀለም ብቻ መናገር ትልቅ ችሎታ ነው።

ከባዱ ፀብ የተነሣው በ2001 በሳንታ ፌ፣ ኒው ሜክሲኮ ነው። አልማ ሎፔዝ በኮምፒውተር ያቀናበረችው «እመቤታችን» የተሰኘ ሥራ በዓለም አቀፍ የባህል ሥነ ጥበብ ሙዚየም ቀረበ። የጉዋዳሉፔን ቦታ የያዘችው ሴት ገላዋ በጽጌረዳ ብቻ ተሸፍኗል፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ትመለከታለች። ሊቀ ጳጳሱ ማይክል ሺሃን ተቃወሙ፤ ምእመናን ሰልፍ ወጡ፤ ሥራው ይውረድ የሚል ጥያቄ ጎረፈ። ሙዚየሙ ሥራውን አላወረደም፤ ዐውደ ርእዩ ግን ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተዘጋ።

ለእመቤታችን ሥዕል መጋረጃ የሚጋረድበት፣ በፊቱ የሚሰገድበት ባህል ያሳደገው አንባቢ የሰልፈኞቹን ሕመም ይረዳል፤ እኔም ቀላል አድርጌ አላየውም። ቅዱስ ሥዕል ለሚያምንበት ሰው ጌጥ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። አልማ ሎፔዝ ያደገችው ከዚያው እምነት ውስጥ ነው፤ ሴቶች ገላቸው የኃፍረት ምንጭ ብቻ ሆኖ በተነገራቸው ማኅበረሰብ ውስጥ፣ የራሳቸውን አካል የሚያከብር እናት መፈለጓ ከስድብ ይልቅ ለጸሎት ይቀርባል። ሁለተኛው፣ የዮላንዳ ሎፔዝ ሥዕሎች ሙሉ ልብስ የለበሱ እናትና አያት ሆነው ሳለ እነርሱም ቁጣ ማስነሣታቸው አልቀረም። ስለዚህ የቁጣው ምክንያት እርቃን መሆን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የስፌት መኪናው ራሱ ያስቆጣል።

ለመንግሥት ደግሞ የሚያስቆጣው ታሪክ ነው። ባርባራ ካራስኮ በ1981 ለሎስ አንጀለስ የከተማ መልሶ ማልማት ኤጀንሲ በተነቃይ ሰሌዳዎች ላይ የከተማዋን ታሪክ ሣለች፤ ትዕይንቶቹ በአንዲት ሴት ረጅም ፀጉር ውስጥ ተሸምነው ይወርዳሉ። ኤጀንሲው 14 ትዕይንቶች ይውጡ አለ። ከእነርሱ መካከል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች መታጎርና በ1932 ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ሲኬይሮስ የሣለው የግድግዳ ሥዕል በነጭ ቀለም መሸፈኑ ይገኙበታል። የተሸፈነን ሥዕል ያስታወሰ ሥዕል እንዲሸፈን ተጠየቀ ማለት ነው። ካራስኮ እምቢ አለች፤ ሥራዋ አብዛኛውን ዕድሜውን በመጋዘን አሳለፈ። የሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ2020 ገዝቶ በ2024 በቋሚነት ሰቀለው። አርባ ዓመት ቆይቶ ነው።

በመዘግየት የተጎዳችው እርሷ ብቻ አይደለችም። ዮላንዳ ሎፔዝ በመስከረም 2021 በ78 ዓመቷ አረፈች። በሙዚየም ደረጃ የመጀመሪያዋ የግል ዐውደ ርእይ በትውልድ ከተማዋ የተከፈተው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ላውራ አጊላር በ2018 ስታርፍ አጠቃላይ ሥራዋ በአንድ ቦታ ተሰባስቦ የታየው ከአንድ ዓመት በፊት ገና ነበር። ሙዚየሞች ዛሬ እነዚህን ስሞች በኩራት ሲጠሩ ይህን መርሳት የለባቸውም።

በእርግጥ ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ በሩ ተከፍቷል። በ2022 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ከተማ ለቺካኖ ሥነ ጥበብ ብቻ የቆመ ማእከል ሥራ ጀመረ። ባካ ታላቁን ግድግዳ ከ1960ዎቹ ወዲህ ወዳለው ዘመን ለማስቀጠል በ2021 ከሜሎን ፋውንዴሽን 5 ሚሊዮን ዶላር አገኘች፤ በ2023 ደግሞ ቺካኖ ጥበብ አይሠራም ባለው በዚያው የሎስ አንጀለስ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ እያያት ሣለች። በዚያው ዓመት ከፕሬዝዳንት ባይደን እጅ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳይ ተቀብላለች።

ነፋሱ የተለወጠው ወዲያው ነው። በመጋቢት 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች አገርን የሚከፋፍል ያሉትን አስተሳሰብ እንዲያጠሩ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። በነሐሴ ወር ኋይት ሐውስ የማይስማማባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር በቴክሳስ ድንበር አጥር ላይ በመሰላል የሚሻገር የስደተኛ ቤተሰብን የሚያሳየው የሪጎቤርቶ ጎንዛሌዝ ሥዕል አንዱ ነበር። በዚያው በጋ በሎስ አንጀለስ የኢሚግሬሽን አሰሳ ሲካሄድ በልብስ አምራች ድርጅቶችና በመኪና ማጠቢያዎች ሠራተኞች ተይዘዋል። ዮላንዳ ሎፔዝ በወርቅ ጨረር የከበበችውን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ወቅት መጠየቅ ያለበት ሙዚየሞቹ ስንት ሥራ ገዙ የሚለው አይመስለኝም። የተገዛ ሥራ መጋዘን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ካራስኮ ይህን በሕይወቷ አይታዋለች። የሚያስፈልገው ሥራው በሕዝብ ፊት መሰቀሉ፣ በአጠገቡ የሚጻፈው ማብራሪያም ማን እንደተሣለና ለምን እንደተሣለ ሳያድበሰብስ መናገሩ ነው። ኮንግረስ በ2020 ያጸደቀው የአሜሪካ ላቲኖዎች ብሔራዊ ሙዚየም ገና ሕንጻ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል የሚወስነው ድርድር ከመሠረት ድንጋዩ ቀድሞ ተጀምሯል። ባካና ረዳቶቿ በበኩላቸው የሚጨምሯቸውን ትዕይንቶች እያዘጋጁ ነው። በዘር መለያየት ላይ የተነሡት የአውቶቡስ ተጓዦች፣ የእርሻ ሠራተኞቹና የተማሪዎቹ አመፅ ከቀድሞው ሥዕል ቀጥለው በዚያው የጎርፍ ቦይ ላይ ይሠፍራሉ።